«የእርጅና ነው» ለምትሉ እኩዮቼ

እኩዮቼ፣ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በሰንበቴም ሆነ በዕድር ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ጉልበታችን እናወራለን። ስለ ዓይን ሞራ፣ ከተቀራረብንም ስለ ሽንት መቋጠር እንጫወታለን። ጆሮው ሌት ተቀን የሚጮህበት፣ ከመኝታው ቀና ሲል ቤቱ የሚዞርበት ሰው ግን አይናገርም። እኔም ከሁለቱም ጋር ነው የምኖረው። የግራ ጆሮዬ ጩኸት ከዓመት ዓመት እየከፋ ሄዷል፣ ማዞሩም ተከትሎት መጥቷል፣ ምርመራዬም ገና አላለቀም። ስለዚህ ዳር ቆሞ የሚመክር ሰው አድርጋችሁ አትዩኝ። የማስጠነቅቃችሁ ሐኪም የበሽታውን ስም እስኪነግራችሁ ስላለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ሰው በሽታው ካደረሰበት ጉዳት የባሰውን በገዛ እጁ ሲያደርስ አይቻለሁ።

ዝምታው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኛል» ያለ ሰው ስሙ ወዲያው ከዛር ጋር ይነሣል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። አባት ይንገዳገዳል ከተባለ በቅሎው ይሸጣል፣ ገበያ መውጣት ይቀራል፣ የጎተራው ቁልፍም ወደ ሌላ እጅ ይሻገራል። አረቄ በየቤቱ በሚወጣበት አገር ደግሞ ሲንገዳገድ የታየ ሽማግሌ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ከዚህ ሁሉ «የእርጅና ነው» ብሎ መገላገል ይቀላል። እርጅና ጆሮን ያደክማል፣ አልክድም። ነገር ግን እርጅና ሁለቱን ጆሮ አብሮ፣ ቀስ እያለ ነው የሚያደክመው። አንዱን ብቻ መርጦ ከጮኸ፣ ወይም ማታ ደኅና የነበረ ጆሮ ጠዋት ከደነቆረ ያ እርጅና አይደለም።

ጆሯችን ምን እንዳሳለፈ ደግሞ እናስብ። አጤ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ጋፋት እዚሁ ደብረ ታቦር፣ አፍንጫችን ሥር ናት፤ መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝን እንደነበር ይነገራል። እኛን ያደነቆረን ግን እሱ አይደለም። በልጅነታችን ቡሄ በመጣ ቁጥር ጅራፍ ስናጮህ እንውል ነበር፤ ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲሄድ ነው። ጎረምሳ ስንሆን ምንሽሩና ክላሹ መጣ። ሰው ሲዳርም ሲሞትም ተኩሰናል። 85 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ለ8 ሰዓት ያህል ቢሰማ ለጆሮ የመጨረሻው ወሰን ነው ይላሉ፤ የጠመንጃ ተኩስ ግን ከ140 በላይ ነው፣ አንዲቱ ጥይት ብቻዋን ትበቃለች። ወፍጮ ቤት የኖረውም፣ በየሠርጉ ሞንታርቦ ሥር የተቀመጠውም ከዚህ አያመልጥም። በነሐሴ 2013 ከባድ መሣሪያ ከተማችን ላይ ሲወድቅ የነበራችሁ፣ በጋይንትና በጉና በኩልም ከዚያ ወዲህ ያለውን ተኩስ ያሳለፋችሁ፣ ጆሯችሁ የት ላይ እንደተሰበረ ሳታውቁት አትቀሩም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው የግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ይዞራል፤ ቀኙን ራሱና ትከሻው ይጋርዱለታል። በእኛ ዕድሜ ካለ ተኳሽ መካከል ግራ ጆሮው ቀድሞ የደከመው የሚበዛው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ተኩሰው ያውቃሉ?» ሲላችሁ ስለ መሣሪያ ፈቃድ የጠየቃችሁ መስሏችሁ አትደብቁ። የሚጠይቀው ስለ ጆሯችሁ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ጸጉር መሰል ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። አንጎል የጎደለበትን ድምፅ ፍለጋ የራሱን ስሜት ከፍ ያደርገዋል፤ ያ ነው ፉጨት ሆኖ የሚሰማን። መንፈስ አይደለም፤ እብደትም አይደለም።

ከጠመንጃው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መርፌው ነው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ተገኘ፤ የሳንባ ነቀርሳን ያሸነፈ የመጀመሪያው መድኃኒትም እሱ ነው። ያንኑ ያህል የውስጠኛውን ጆሮ ሚዛን እንደሚያውክ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታወቀ። በእኛ አገርም ነቀርሳው ዳግም ለተነሣበት ሰው ለብዙ ዓመታት ተወግቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያ ሕክምና እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መድኃኒት ለተላመደው ነቀርሳ ይሰጡ የነበሩት ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲቀሩ ተመከረ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የስንቱን ጆሮ እንደበሉ መታየቱ ነው። ጀንታማይሲን ግን ዛሬም በየሆስፒታሉ አለ፤ ሕይወት ስለሚያድን መኖርም አለበት። መርፌ እምቢ በሉ እያልኩ አይደለም። መርፌው ከመወጋቱ በፊት «ጆሮዬ ይጮሃል፣ ራሴን ያዞረኛል» ብላችሁ ተናገሩ፤ ኩላሊታችሁ ደኅና መሆኑ ይታይ። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ጆሮንም ይበልጥ ይጎዳል። ከእናታችሁ ወገን በመርፌ የደነቆረ ዘመድ ካለ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩት። ከእናት ብቻ የሚወረስ ለውጥ ያለበት ሰው ጥቂት መርፌ እንኳ ሊያደነቁረው ይችላል። እኛ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ይህንን አንቆጥርም።

ለልብና ለእግር እብጠት የሚሰጠው ላዚክስ፣ ለወባ ይሰጥ የነበረው ኪኒን፣ በብዛት የሚዋጥ አስፒሪንም ጆሮ ያስጮሃሉ። ምንም ብትውጡ ክኒኑን ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ወደ ማዞሩ ልምጣ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ራሴን ያዞረኛል» ብቻ ብትሉ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ክኒን ተጽፎላችሁ ትመለሳላችሁ። ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ምን ስታደርጉ እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ጆሯችሁ እንደሚደነቁር ወይም እንደሚሞላ ካልተናገራችሁ የዓለም ሊቅ ቢቀመጥ አያገኘውም። ግማሹ ምርመራ ከአፋችሁ የሚወጣው ነው። መጻፍ የሚችል የልጅ ልጅ በደብተር ይያዝላችሁ፤ ቀኑን፣ ስትነሡ ይሁን ስትተኙ፣ ለሰከንድ ይሁን ለሰዓት መቆየቱን።

በአጥቢያችን አንዲት እናት አሉ። በሰሙነ ሕማማት ሲሰግዱ ግንባራቸው መሬት ነክቶ ቀና ሲሉ ቤተ መቅደሱ ዞረባቸውና ወደቁ። አንዱ ጾሙ ነው አለ፣ ሌላው መንፈስ ነው አለ። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ወደ ቀኝ በተገላበጡ ቁጥር ይመጣባቸዋል፤ ቆሎ ለማውረድ ወደ ቆጥ ቀና ሲሉም እንዲሁ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም አልጋ ላይ ቁጭ አደረጋቸው፣ ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዞረና በፍጥነት በጀርባቸው አስተኛቸው፤ ራሳቸው ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብሏል። እሳቸው ክንዱን ጨምድደው እየጮኹ እሱ የሚያየው ዓይናቸውን ነበር። ብሌናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ እየተሽከረከረ ይርገበገባል፤ ደቂቃ ሳይሞላው ቆመ። ከዚያ ራሳቸውን ቀስ እያለ ወደ ግራ አዞረ፣ በጎናቸው አስተኛቸው፣ በመጨረሻም አስነሥቶ አስቀመጣቸው። ክኒን አልሰጣቸውም። በሁለተኛው ቀጠሮ ማዞሩ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የሚጠብቁ እጅግ ደቃቅ የኖራ ቅንጣቶች አሉ። ከቦታቸው ተነቅለው ፈሳሽ ወደሞላው ቱቦ ሲገቡ፣ በግንበኛ ውሃ ልክ ውስጥ አሸዋ እንደገባ ማለት ነው፤ ራስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሐሰት ወሬ ይልካሉ። በእኛ ዕድሜ በብዛት የሚያዞረው ይኸው ነው። ዓይን የሚታይበት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1952 በሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ተገለጸ፤ ቅንጣቱን መልሶ የሚያስገባውን አዟዟር ደግሞ ኤፕሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1980 አሳየ። ባዶ እጅና አልጋ ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህ ዓይነቱ ማዞር ጆሮን አያስጮህም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካሉባችሁ ምክንያታቸው የተለያየ ሊሆን እንደሚችል እወቁ።

ሌላው ማዞር ከ20 ደቂቃ እስከ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጆሮ ይሞላል፣ ጩኸቱ ይወፍራል፣ መስማት ይቀንሳል፣ ያስመልሳል፤ ከዚያ ያልፍና ደግሞ ይመለሳል። ሜንየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ይህ ከጆሮ እንደሚመጣ ፓሪስ ላይ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ከእሱ በፊት ራሱን ያዞረውን ሰው ጭንቅላቱ ደም ሞልቶ ነው እያሉ ያደሙት ነበር። እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ ዋግምት የሚያስነቅል አለ። ደም ያነሰውን ሽማግሌ ደም አውጥቶ ማዞሩን ማባስ ነው፤ ይህን በጭራሽ አታድርጉ። ሜንየር ላለበት ሰው ጨው እንዲቀንስ ይመከራል፤ ቡናችሁን በጨው የምትጠጡ ይህን ስሙ።

ሲቆሙ ብቻ ዓይን የሚጋርደው ደግሞ ሌላ ነው፤ የደም ግፊት ሲወርድ ነው። ግፊታችሁን ተኝታችሁም ቆማችሁም እንዲለኩላችሁ ጠይቁ፤ ቁጭ ብላችሁ ብቻ ቢለኩት አይታይም። ጾምና የግፊት ክኒን እዚህ ላይ ይጋጫሉ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ቆይቶ ክኒኑን የዋጠ ሰው ቅዳሴ ላይ ይወድቃል፤ ክኒኑን ለሁለት ወር ያቆመው ደግሞ ለፋሲካ ግማሽ አካሉ ላይታዘዝለት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። ለንስሐ አባታችሁም ለሐኪማችሁም ያንኑ ነገር ሳትሸሽጉ ንገሩ፤ ስግደቱንም በቆማችሁበት አንገታችሁን ዝቅ በማድረግ ይተኩላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። መቋሚያውም ዜማ ለመምራት ብቻ አልተሰጠንም።

አሁን ሐኪም እስኪገኝ ስለሚጠበቅበት ጊዜ። ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ከዚያ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ፍለጋ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር። ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ሲጀመር ከአገሪቱ የመጀመሪያ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ፎገራ ነበረች፤ ስለዚህ የመድኅኑን ደብተር ከብዙው ሰው ቀድመን እናውቀዋለን። ያለ ሪፈር ወረቀት ዘላችሁ ብትሄዱ ግን መድኅኑ ሙሉ ወጪውን እንደማይሸፍንላችሁ አትርሱ። ወረቀቱን ከታች ጀምራችሁ አጽፉ።

ከታች መጀመር ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። በሬ ሸጦ ኤምአርአይ የተነሣ ሰው አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ጆሮው ውስጥ በመብራት ያየለት አልነበረም። ሁለቱም ጆሮው በኩክ ተደፍኖ ነበር። ኩክ ብቻውን ጆሮ ያስጮሃል፣ ያደነቁራልም። ጆሮ በመብራት ይታይ፣ ግፊት ይለካ፣ የደም ማነስና ስኳር ይታይ፣ የመስማት ምርመራ ይደረግ፤ ኤምአርአይ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በተለይ ጩኸቱና ድንቁርናው በአንድ ጆሮ ብቻ ለሆነበት ሰው ነው፤ የመስማት ነርቭ ላይ የሚወጣ እጢ እንዳይሆን። ደግሞም ሥዕሉ «ምንም የለም» ቢል ውሸታም ተባልን ብላችሁ አትዘኑ። አብዛኛው የጆሮ ጩኸት በሥዕል አይታይም።

እስከዚያው ጆሯችሁ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ቅቤውን፣ ዘይቱን፣ የጤና አዳሙን ጭማቂ ማለቴ ነው። ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ ሁሉም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ክብሪቱንም ተዉት። ጠበል ጠጡ፣ ተጠመቁ፤ ግን ፏፏቴው ወደ ተበሳው ጆሮ ቀጥታ እንዳይመታ አዙሩ።

መድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት የሚሰጠው «የማዞር ክኒን» ሌላው ወጥመድ ነው። ሲናሪዚን በጥቃቱ ሰሞን ለጥቂት ቀን ይረዳል። ለወራት የወሰደው ሽማግሌ ግን እጁ መንቀጥቀጥ፣ እርምጃው ማጠር፣ ፊቱ መፍዘዝ ሊጀምር ይችላል፤ ልጆቹም አዲስ በሽታ መጣ ይላሉ። በዚያ ላይ ያስተኛል፤ አንጎልም ሚዛኑን እንደገና እንዳይማር ያደርገዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰውን የሚገድለው ግን ውድቀቱ ነው። ጆሮ ሚዛኑን ሲያጣ የምንቆመው በዓይናችንና በእግራችን ስሜት ነው፤ ስለዚህ ጨለማና ጭቃ አንድ ላይ ሲመጡ ምንም የምንይዘው የለም። በክረምት ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ዳሌያቸው የተሰበረ፣ ከዚያ አልጋ ላይ ቀርተው ዓመት ያልሞላቸው እኩዮቻችንን ቀብረናል። ባትሪ ከራስጌ አይጥፋ፤ ፖፖም አያሳፍር። ስትነሡ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ምድጃው ጠርዝ ላይ ብቻችሁን አታጎንብሱ። ባሕር ዛፍ ላይ መውጣት፣ የሣር ክምር መከመር፣ ገደል ዳር በበቅሎ ማለፍ አብቅቷል፤ ለጎረምሶቹ ስጡ። መራመድን ግን አትተዉ፤ የተኛ ሰው ማዞሩ አይለቀውም።

ስለ ሌሊቱ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ደጋ ሌሊቱ ጭር ይላል፤ ጩኸቱ የሚገንነው ያኔ ነው። ሬዲዮ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጣቢያ የሌለበት ላይ አድርጋችሁ እንኳ ቢሆን፣ እያንሾካሾከ ይደር፤ ጩኸቱን አያጠፋውም፣ ብቻውን ግን አይተወውም። መስማት ለደከመው ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ ጩኸቱን ያረግበዋል። ጩኸቱን ጭራሽ የሚያጠፋ ክኒን አለኝ ለሚላችሁ ገንዘብ አትስጡ፤ እስካሁን አልተገኘም። «ይህን ከምሰማ ብሞት ይሻለኛል» ያለኝ እኩያ ግን አለ፤ ቀልድ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ስትሰሙ መሣሪያውን ከራስጌው አንሡ፣ ብቻውን አታሳድሩት፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ሐዘኑም ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ለዚህም ሕክምና አለ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከደነቆረ ያንኑ ቀን ሂዱ፤ የሚረዳው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሳያልፉ ነው፤ «እስከ ቅዳሜ ልየው» ያለ ሰው ጆሮውን አጥቶ ሊቀር ይችላል። የሚመግል ጆሮ ማዞር ከጨመረበት ወይም ፊት ከተጣመመ ያም አያድርም። ጩኸቱ ከልብ ምታችሁ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ፣ ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ አረጋግጡና ለሐኪም ንገሩ፤ የደም ሥር ሊሆን ይችላል። ማዞሩ በድንገት መጥቶ ምላስ ከተሳሰረ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ወይም ክንድ ከዛለ፣ ወይም ክንድ ደኅና ሆኖ እንኳ ሰው ደግፎት መቆም ያቃተው ካለ፣ ያ የጆሮ አይደለም፤ የኋለኛው አንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ይሆናል። ጠበልም ሆነ ክኒን ፍለጋ ሳትባክኑ በተገኘው መኪና ሆስፒታል ውሰዱት፤ መቼ እንደጀመረውም ሰዓቱን ያዙ። ይህን ለልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ንገሯቸው፣ የክኒኑ ፌስታልና የመድኅኑ ደብተር የት እንዳለም አሳዩአቸው፤ ያ ሰዓት ሲመጣ እናንተ መናገር ላትችሉ ትችላላችሁ።